አዲስ የሚመስል የጥልቅ ባሕር ሸርጣን (ቼሲዮን)፦ ገለጻውን ከየት እንጀምር?

ቀይ_ባሕር (ጥያቄ)

ሰላም ለሁላችሁ። በምዕራብ ሕንድ ውቅያኖስ ከ700 እስከ 800 ሜትር ጥልቀት ላይ በተጣለ ወጥመድ የወጡ አምስት ሸርጣኖች እጃችን ላይ አሉ። ቤተሰባቸው ጌሪዮኒዴ ለመሆኑ ጥርጥር የለንም። በቅርፊቱ የፊት ጎን አምስት ጥርስ ስላላቸው ጂነሳቸውም (ከቤተሰብ በታች፣ ከዝርያ በላይ ያለው ምድብ) ቼሲዮን ነው ብለናል። ያስቸገረን ዝርያው ነው። የታተሙትን መለያ ቁልፎች (ምልክት በምልክት እየለዩ ወደ ዝርያው ስም የሚያደርሱ ዝርዝሮች) ስንከተል አንዱ ከሶማሊያ ባሕር ወደተገለጸው ቼሲዮን ሶማሊየንሲስ፣ ሌላው ወደ ማዳጋስካሩ ቼሲዮን ክሮስኒየሪ ይወስደናል። ከሁለቱም ጋር ግን በደንብ አይገጥሙም።

ያለን ይህ ነው፦ ሁለት ወንድ (የቅርፊት ስፋት 131 እና 118 ሚሜ)፣ ሁለት ሴት (104 እና 97 ሚሜ)፣ አንድ ገና ያልደረሰ (41 ሚሜ)። 118 ሚሜው ወንድ መርከቡ ላይ በቀጥታ ፎርማሊን ውስጥ ገብቷል፤ ሌሎቹ 75% ኢታኖል ውስጥ ናቸው። በሕይወት እያለ ፎቶ የተነሳው ትልቁ ወንድ ብቻ ነው። ሁለቱ ሴቶች እግራቸውን ጥለዋል፣ የወለቁት እግሮች ደግሞ ሁሉም በአንድ ማሰሮ ተቀላቅለው ተቀምጠዋል።

አዲስ ዝርያ ነው ለማለት ምን ምን መሟላት አለበት? የትኛው የአካል ክፍል ይበልጥ ይታመናል? ዲኤንኤ የግድ ነው? ስሙንስ ከአማርኛ ቃል ማውጣት ይቻላል? ሥራው የአንድ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፍ አካል ስለሆነ ስሙን መጀመሪያ እዚያ ላይ ለማውጣት ታስቧል።

አጉሊ_መነጽር

ሰላም ቀይ_ባሕር። ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልበል፤ ናሙናው በቁልፉ አለመግጠሙ አዲስ ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም። ቁልፍ የሚሠራው ጸሐፊው እጅ ላይ ከነበሩት ናሙናዎች ነው፣ እነሱም አብዛኛውን ጊዜ ትልልቅ ወንዶች ናቸው። የእናንተ ሴቶችና ታናሹ ቢያሳስቱ አይገርምም። ቁልፉን አስቀምጡና የእያንዳንዱን የቅርብ ዘመድ የመጀመሪያ ገለጻ አውጡ።

በዚህ ቤተሰብ ላይ ይህ ከሌሎቹ ይልቅ ያስፈልጋል። እስከ 1980ዎቹ መጨረሻ ድረስ የዓለም ጌሪዮኒድ በሙሉ ማለት ይቻላል ጌሪዮን ይባል ነበር። ከአትላንቲክ እስከ ሕንድ ውቅያኖስ የወጣውን ሁሉ ጌሪዮን ኩዊንኩዌደንስ ወይም ጌሪዮን አፊኒስ ብሎ ማለፍ የተለመደ ነበር። በ1989 ማኒንግና ሆልትሁይስ ጂነሱን ከፋፍለው በጎን ሦስት ጥርስ ያላቸውን በጌሪዮን ተዉ፤ አምስት ጥርስ ያላቸውን ቼሲዮን ብለው አወጡ፤ በዚያው ጽሑፍ ዘጠኝ አዲስ ዝርያዎችን ገለጹ። ዛሬ ቼሲዮን ከ30 በላይ ዝርያ አለው። ስለዚህ ከ1989 በፊት በታተመ የዓሣ ጥናት ላይ ያለን ስም እንዳለ ወስዳችሁ «ስርጭቱ እስከዚህ ይደርሳል» አትበሉ፤ ናሙናው ሙዚየም ውስጥ ተቀምጦ ከሆነ እንደገና ይታይ።

ከእናንተው ባሕር የሚነሱ ተወዳዳሪዎች ሶማሊየንሲስ (1993)፣ ክሮስኒየሪ (1989)፣ ከአፍሪካ ደቡብ ምሥራቅ በኩል ማክፈርሶኒ፣ ከሕንድ በኩል አልኮኪ (1993) ናቸው። እነዚህን ሳታነጻጽሩ የምትልኩትን ጽሑፍ የትኛውም ገምጋሚ ይመልሰዋል፣ መመለሱም ተገቢ ነው።

ወደ አካሉ እንምጣ። የጎን ጥርስ የሚቆጠረው ከዓይን ጉድጓዱ ውጫዊ ማዕዘን ጀምሮ ነው፤ እሱ አንደኛ ነው። ሁለተኛውና አራተኛው በታናናሾች ላይ ሹል ሆነው ይታያሉ፤ እንስሳው ሲያድግ ዝቅ ይሉና አንዳንዴ በጣት ዳስሶ እንጂ በዓይን የማይለይ ጉብታ ብቻ ይቀራል። 41 ሚሜውን ከ131 ሚሜው ጋር አስተያይታችሁ «ሁለት ዝርያ ነው» እንዳትሉ የምፈራው ለዚህ ነው። የቆየ ቅርፊት ያለው (ቆዳ ከቀየረ ብዙ ጊዜ የሆነው) ደግሞ እሾሁ በጭቃና በድንጋይ ተፍቆ ይደነዝዛል፣ ጥቁር ነጠብጣብም ይወጣበታል። የቅርፊቱን ሁኔታ ለእያንዳንዱ ናሙና ጻፉ።

የመራመጃ እግር የመጨረሻ ክፍል (ዳክቲል) በዚህ ጂነስ ካሉት መለያዎች ይበልጥ ከሚታመኑት አንዱ ነው። አንዳንዱ ዝርያ ከጎን ወደ ጎን የተጨመቀ ዳክቲል አለው፣ ማለትም ከፍታው ከወርዱ ይበልጣል፤ የምዕራብ አትላንቲኩ ወርቃማ ሸርጣን ፌነሪ እንዲህ ነው። ሌላው ከላይ ወደ ታች የተጫነ ነው፣ ወርዱ ከከፍታው ይበልጣል፤ ቀዩ ኩዊንኩዌደንስ እንዲህ ነው። የምትለኩት በርዝመቱ እኩሌታ ላይ ነው፤ ከፍታና ወርድ፣ በ0.1 ሚሜ ካሊፐር። ዳክቲሉን ከጫፉ በኩል በቀጥታ እያያችሁ ካልለካችሁ ትንሽ ማዘንበል ብቻ ውጤቱን ይገለብጠዋል። እግሩን በፕላስቲሲን ደግፋችሁ ቀጥ አድርጉት። የደረቀ ናሙና ላይ አትለኩ፤ ከአልኮል እንደወጣ እርጥብ እያለ ይሁን።

አምስተኛው እግር፦ የሜረሱ (የእግሩ ረጅሙ ክፍል) ርዝመት ለከፍታው ያለው ጥምርታ፣ እንዲሁም በሜረሱ ጫፍ ላይ ከላይ በኩል እሾህ መኖር አለመኖሩ። ርዝመቱን ስትለኩ እሾሁን ጨምራችሁ እንደሆነ ወይም እንዳልሆነ ጻፉ። የመቆንጠጫው እግር፦ በሜረሱና በካርፐሱ (ከሜረሱ ቀጥሎ ያለው ክፍል) ላይ ያሉ እሾሆች ብዛትና ቦታ። ቅርፊቱ፦ ስፋቱ ከእሾህ ጋር ነው ያለ እሾህ? ርዝመቱ ከግንባር ጥርሶቹ ጫፍ ነው ከመካከላቸው ስርጉድ? ሁለት ጽሑፎች በዚህ ብቻ ተለያይተው እያሉ «ልዩነት አገኘን» የተባለበት ሥራ ጥቂት አይደለም።

የወንዱ አንደኛ ጎኖፖድ (ለመራቢያ የሚያገለግለው የሆድ እግር) በብዙ የሸርጣን ቤተሰቦች ፈራጁ እሱ ነው፤ በአገራችን ወንዞችና ሐይቆች ያለው ፖታሞናውቴስ እንኳ ያለ ጎኖፖድ አይለይም። በቼሲዮን ግን ከዝርያ ዝርያ እምብዛም አይለያይም። ሆኖም ሣሉት፤ ከሌለ ይጠየቃል። በሁሉም ናሙና ላይ የግራውን ተጠቀሙ።

እነዚህን ልኬቶች ለአምስቱም በአንድ ሰንጠረዥ አስገቡ፣ ቀጥሎም የዘመዶቹን አሃዝ ከየገለጻው አምጥታችሁ ተመሳሳይ ጾታና ተቀራራቢ መጠን ያላቸውን ጎን ለጎን አቁሙ። 131 ሚሜ ወንድ ከ125–140 ሚሜ ወንድ ጋር እንጂ ከ90 ሚሜ ሴት ጋር አይነጻጸርም። በዚህ መንገድ ቢያንስ ሁለት እርስ በርስ የማይያያዙ ልዩነቶች ካልቀሩ እኔ አዲስ ስም አላወጣም ነበር። የማይያያዙ ያልኩት የሜረስ ርዝመትና የፕሮፖደስ (ከዳክቲሉ በፊት ያለው ክፍል) ርዝመት ሁለቱም «እግሩ ረጅም ነው» ከማለት ስለማያልፉ ነው።

ጂን_ቆጣሪ

ስለ ዲኤንኤ፦ ደንቡ አያስገድድም። ግን ቼሲዮንን ያህል ተቀራራቢ ዝርያዎች ያሉበት ጂነስ ላይ ያለ እሱ መሄድ ዛሬ ሥራን ማዳከም ነው።

መጀመሪያ ዛሬውኑ ሥጋ ውሰዱ። 75% ኢታኖል ለቅርጽ ጥሩ ነው፣ ለዲኤንኤ ግን ደካማ ነው፤ በክፍል ሙቀት በቆየ ቁጥር ይሰባበራል። ከአራተኛው ወይም ከአምስተኛው እግር ሜረስ ከታችኛው ፊት በቀጭን ምላጭ ከፍታችሁ የሩዝ ፍሬ የሚያህል ጡንቻ አውጡ። ከላይ በኩል አትክፈቱ፤ የሚሣለውና የሚለካው እሱ ነው። ጡንቻው 95–96% ኢታኖል ይግባ፣ አልኮሉ ከሥጋው ቢያንስ አሥር እጥፍ ይብዛ፤ ከሥጋው የሚወጣው ውሃ ስለሚያቀጥነው በማግስቱ አልኮሉን ቀይሩ። ከዚያ −20 ዲግሪ። በእያንዳንዱ ናሙና መካከል ምላጭና ወረንጦ ይለወጥ ወይም በነበልባል ይቃጠል።

ፎርማሊን የገባው 118 ሚሜ ወንድ ላይ ገንዘብ አታጥፉ። ፎርማልዲሃይድ ዲኤንኤውን ከፕሮቲን ጋር ያቆላልፈዋል፤ የሚወጣ ቢኖር አጫጭር ቁርጥራጭ ነው፣ እሱንም ልዩ ዘዴ ይፈልጋል። ለቅርጽ ግን ዋጋ አለው። አሁንም ፎርማሊን ውስጥ ከሆነ አውጡት፤ አሲድነቱ የኖራውን ቅርፊት ቀስ በቀስ ይበላዋል። አንድ ቀን ሙሉ ውሃ እየተቀየረለት ይዘፈዘፍ፣ ከዚያ በ30%፣ በ50%፣ በመጨረሻ በ75% ኢታኖል ይለፍ። በአንድ ጊዜ ወደ ብርቱ አልኮል ከገባ ለስላሳው ክፍል ይጨማደዳል።

ጂኑን በተመለከተ ሲኦአይ የተባለው የሚቶኮንድሪያ ጂን በ1994 በወጡት የፎልመር ፕራይመሮች (ጂኑን ለማባዛት መነሻ የሚሆኑ አጫጭር ቁራጮች፤ ኤልሲኦ1490 እና ኤችሲኦ2198) ወደ 658 የዲኤንኤ ፊደል ይሰጣል። 16ኤስ የተባለውን ሌላ የሚቶኮንድሪያ ጂን ጨምሩበት፤ የቆዩ የቼሲዮን ሥራዎች ብዙዎቹ በ16ኤስ ስለሆኑ የምታነጻጽሩት ታገኛላችሁ። በሸርጣኖች ላይ ያለው ትልቁ ወጥመድ የሚቶኮንድሪያ ጂን ቅጂ ወደ ኒውክሊየስ ገብቶ መቅረቱ ነው። ፕራይመሩ እሱንም ያነሳዋል። ምልክቱ፦ በክሮማቶግራሙ (ፊደሎቹ የሚነበቡበት ግራፍ) ላይ በአንድ ቦታ ሁለት ጫፍ፣ መሃል ላይ የማቆሚያ ኮዶን፣ በሦስት የማይካፈል መጨመር ወይም መቀነስ። ስለዚህ ሲኦአይን በአከርካሪ አልባ ሚቶኮንድሪያ ኮድ (ሰንጠረዥ 5) ወደ አሚኖ አሲድ ሳትተረጉሙ ወደ ዝምድና ዛፍ ሥራ አትግቡ። በሰንጠረዥ 1 የተረጎመ ሰው ጤነኛ ጂን ላይ የማቆሚያ ኮዶን ያገኝና ይጥለዋል፤ ይህም ያጋጥማል።

«3% ከተለያየ ዝርያ ነው» የሚባለውን እርሱት፤ ሕግ አይደለም። የሚታየው በእናንተ ናሙናዎች መካከል ያለው ርቀትና ከቅርብ ዘመድ ያለው ርቀት ተለያይቶ ክፍተት መፍጠሩ ነው። በዚህ ጂነስ ላይ ነገሩ በሁለቱም በኩል አስቸግሯል፦ በ2003 የታተመ የ16ኤስ ሥራ ሁለቱም ኩዊንኩዌደንስ ተብለው የሚጠሩት የኒው ኢንግላንድና የሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ሕዝቦች በግልጽ እንደሚለያዩ አሳይቷል። አንድ ስም ሁለት ነገር ሊሸፍን ይችላል ማለት ነው። ከጂን ባንክ (የዲኤንኤ ፊደሎች የሕዝብ ማከማቻ) የምታወርዱትም እንዲሁ ነው፤ ሙዚየም ውስጥ የተመዘገበ ናሙና ቁጥር የሌለውን ፊደል ለመደምደሚያ አትጠቀሙበት።

የተቀላቀሉትን እግሮች በጂን እንለያለን እንዳትሉ። የአንድ ዝርያ፣ የአንድ ቦታ እንስሳት ሲኦአይ ብዙ ጊዜ ፍጹም አንድ ነው፤ እግሩ የየትኛው ሴት እንደሆነ አይነግራችሁም።

ቀይ_ባሕር

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ሥጋውን ነገ እናወጣለን። ሁለት ነገር ልጨምር፦ የተቀላቀሉትን እግሮች ምን እናድርጋቸው? ታናሹንስ ፓራታይፕ (ከዋናው ናሙና ጋር ገለጻው የሚመሠረትበት ተጨማሪ ናሙና) ማድረግ ይቻላል? ማዕበልም በግል መልእክት «አምስት ናሙና ከበቂ በላይ ነው፣ ቶሎ አትሙ» ብሎናል፤ እዚሁ ቢያስረዳን ደስ ይለኛል።

ማዕበል

አዎ ብያለሁ። ከ700 ሜትር በታች ዳግመኛ ናሙና መቼ እንደሚወጣ ማንም አያውቅም። ወጥመድ፣ መርከብ፣ ፈቃድ ሁሉ አንድ ላይ መገጣጠም አለበት። ኪዋ ሂርሱታ፣ «የቲ ሸርጣን» የተባለው፣ ከፋሲካ ደሴት በስተደቡብ ከ2,200 ሜትር ገደማ ጥልቀት በ2005 ተገኝቶ በዚያው ዓመት የተገለጸው ከአንድ ወንድ ናሙና ነው። ደንቡ ቁጥር አይጠይቅም። ዝርያው ስም ሳይኖረው በቆየ ቁጥር ዓሣ አስጋሪው «ቀይ ሸርጣን» እያለ ከሌላው ጋር ደባልቆ ይመዘግበዋል፣ ጥበቃ የሚባልም ነገር አይጀመርም።

አጉሊ_መነጽር

ማዕበል፣ ስለ ጥበቃው ያልከው ትክክል ነው፤ ምሳሌው ግን አይረዳህም። ኪዋ እውነተኛ ሸርጣን እንኳ አይደለም፣ ከአኖሙራ ወገን ነው። በተጨማሪም አዲስ ጂነስ ብቻ ሳይሆን አዲስ ቤተሰብ ነበር፤ ከማን ጋር ይምታታል? አንድ ናሙና ይበቃል። ቼሲዮን ላይ ግን 30 ወንድም አለ፣ መጠንና ዕድሜም መልኩን ይለውጡታል። እዚህ አንድ ናሙና ቢኖራቸው ኖሮ እንዲጠብቁ እመክራቸው ነበር። አምስት ስላላቸውና ሁለቱም ጾታ ስላለ ግን ከአንተ ጋር ነኝ፤ ንጽጽሩ በትክክል ከተሠራ አይጠብቁ። ንጽጽሩን ለመዝለል ግን መቸኮል ምክንያት አይሆንም።

እግሮቹን በተመለከተ፦ ሸርጣን እግሩን የሚጥለው በዘፈቀደ ሳይሆን በባሲስና በኢስኪየም (ከአካሉ አጠገብ ባሉት የእግሩ ክፍሎች) መካከል ባለ መሰበሪያ መስመር ላይ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያ ቀኝና ግራ ለዩ፣ ቀጥሎ የስንተኛ ጥንድ እንደሆነ፣ ከዚያ የመሰበሪያውን ፊት ዲያሜትር በአካሉ ላይ ከቀረው ጉቶ ጋር ለኩ። በ104 እና በ97 ሚሜ ሴት መካከል ያለው ልዩነት ትንሽ ስለሆነ ጥቂቶቹ አሳማኝ ሆነው አይለዩም። እነዚያን ከሁለቱ ለአንዳቸውም አትስጡ፤ «የማን እንደሆነ ያልታወቀ» ብላችሁ ለብቻ ከረጢት አድርጓቸው፣ ከሰንጠረዡም ይውጡ። በስህተት የተገጠመ አምስተኛ እግር ዋናውን ጥምርታችሁን ያበላሻል።

ወደፊት እንዳይደገም፦ እንስሳው በሕይወት እያለ አልኮል ውስጥ ከገባ እግሩን ይጥላል። መጀመሪያ በበረዶ ወይም በማቀዝቀዣ ይደንዝዝ፣ መንቀሳቀስ ካቆመ በኋላ እያንዳንዱ በራሱ ቀዳዳ ባለው ከረጢት ይግባ፣ ከረጢቱ ውስጥ ቁጥር ያለው ወረቀት ይኑር። ፎቶው ከዚያ በፊት ነው፤ ከውሃ እንደወጣ፣ ከላይና ከታች፣ ከጎኑ ማስመሪያና ግራጫ ካርድ ተቀምጦ። ፌነሪ ወርቃማ፣ ኩዊንኩዌደንስ ቀይ መሆኑ ለልየታ ትልቅ እርዳታ ነው፤ አልኮል ውስጥ ግን ሁሉም ይነጣሉ።

መዝገብ_ቤት

ስለ ታይፕ፣ ስለ ስምና ስለ ደንቡ የምለው አለኝ። የሚሠራው ዓለም አቀፉ የእንስሳት ስያሜ ደንብ 4ኛ እትም ነው፤ ከ2000 መጀመሪያ ጀምሮ ይጸናል። ለእናንተ የሚሆኑት ጥቂት አንቀጾች ናቸው። አንቀጽ 13.1፦ ዝርያውን ከሌሎች የሚለይ ገለጻ በቃላት መኖር አለበት፤ ስዕልና የጂን ፊደል ብቻ አይበቃም። አንቀጽ 16.1፦ ስሙ አዲስ መሆኑ በግልጽ ይጻፍ። አንቀጽ 16.4፦ ሆሎታይፑ (ስሙ የሚታሰርበት አንድ ናሙና) ተለይቶ ይጠቀስ፣ የሚቀመጥበት ስብስብ ስምና ቦታ ይጻፍ። ከእነዚህ አንዱ ቢጎድል ስሙ በደንቡ ፊት የለም፤ ሌላ ሰው በሙሉ መብት ሌላ ስም ሊያወጣለት ይችላል።

ለሆሎታይፕ 131 ሚሜውን ወንድ ምረጡ። ምክንያቴ ትልቅነቱ አይደለም፤ የሕይወት ቀለሙ ፎቶ፣ ዲኤንኤውና ሙሉ አካሉ የአንድ እንስሳ ይሆናሉ። ፎርማሊን የነካው ወንድና ሁለቱ ሴቶች ፓራታይፕ ይሁኑ። ታናሹን፣ ጂኑ ከሌሎቹ ጋር አንድ ሆኖ ካልወጣ በቀር፣ ከፓራታይፕ ውጭ «ሌላ የታየ ናሙና» ብላችሁ መዝግቡት። የማያጠራጥር ብቻ ነው ታይፕ የሚሆነው።

የት ይቀመጥ? ደንቡ አገር አይመርጥም። የሚመረጠው ስብስብ አልኮሉን የሚሞላ ሠራተኛ፣ የመመዝገቢያ ቁጥርና ለውጭ ተመራማሪ ክፍት የሆነ በር ያለው ነው። በጂነሱ ላይ ለመሥራት የሚመጣ ሰው የሚሄደው ወደ ዋሽንግተኑ ስሚዝሶኒያን፣ ወደ ፓሪስና ወደ ላይደን ነው፤ የተወሰኑ ፓራታይፖችን እዚያ መላክ ንጽጽርን ያቀላል። ከዚያ በፊት ግን ናሙናው የወጣበት ባሕር የማን እንደሆነ ይጣራ። ከባሕር ዳርቻ እስከ 200 ኖቲካል ማይል ያለው የዚያ አገር የኢኮኖሚ ቀጠና ነው። የናጎያ ፕሮቶኮል (የሌላ አገርን የዘር ሀብት በፈቃድ መጠቀምን የሚመለከተው ስምምነት) ከጥቅምት 2014 ጀምሮ ሥራ ላይ ስለሆነ የባለቤቱን አገር ፈቃድና የማውጫ ወረቀት ሙዚየሙ ይጠይቃችኋል። ብዙ አገሮች ሆሎታይፑ እንዲመለስላቸው በፈቃዱ ውስጥ ይጽፋሉ፤ አንብቡት። ወረቀቱ ከሌለ ብዙ ሙዚየሞች ቁጥር አይሰጡም፣ ቁጥር ከሌለ ደግሞ ጽሑፉ ይቆማል። ባሕሩ ድንበሩ የሆነው አገር ተመራማሪም ከመነሻው አብሯችሁ ቢሠራ ይህ ሁሉ ይቀላል፤ ቀድሞ መደረግ የነበረበትም ነው።

የማሰሮው መለያ ወረቀት ከውስጥ ይሁን፣ ከጥጥ በተሠራ ወረቀት ላይ፣ በእርሳስ ወይም በማይለቅ ቀለም። የእስክሪብቶ ቀለም በአልኮል ይታጠባል፣ የሌዘር ማተሚያ ፊደልም ከጊዜ በኋላ ተልጦ ማሰሮው ግርጌ ይተኛል። ወረቀቱ ላይ ኬክሮስና ኬንትሮስ፣ ጥልቀት፣ ቀን፣ የወጥመዱ ዓይነት፣ የጣቢያ ቁጥር ይኑር። ጥልቀቱን «700–800» ከማለት ወጥመዱ ሲጣልና ሲነሳ የተመዘገበውን ጻፉ።

ከአማርኛ ቃል ስም ማውጣት ይቻላል፤ አንቀጽ 11 ከየትኛውም ቋንቋ ይፈቅዳል። በላቲን ፊደል ብቻ ይጻፋል፣ ከፊደሉ በላይም ሆነ በታች ምልክት አይደረግም። የቃሉን አነባበብ በስም አመጣጥ ክፍል አስረዱ፣ «ስም እንጂ ቅጽል አይደለም» ብላችሁም ጻፉ፤ ያኔ መጨረሻው ከጂነሱ ጾታ ጋር አይቀየርም። የላቲን ቅጽል ካወጣችሁ ግን ቼሲዮን ወንዴ ነው፤ የአውስትራሊያው ዝርያ አልቡስ እንጂ አልባ ያልተባለው ለዚህ ነው። በሰው ስም ከሆነ ለወንድ መጨረሻው «ኢ» ነው (ክሮስኒየሪ፣ ማክፈርሶኒ)፣ ለሴት «ኤ» ተብሎ የሚነበበው ጥንድ ፊደል (ጎርዶኔ፣ ለኢዛቤላ ጎርደን)። ጂነሱ ራሱ የተሰየመው ለፌነር ቼስ ነው። በራስ ስም መሰየም በደንቡ ባይከለከልም በባለሙያው ዘንድ ነውር ነው።

ስሙ በመመረቂያው ላይ አይውጣ። እዚያ «ቼሲዮን ዝርያ ሀ» በሉት። በተወሰነ ሁኔታ መመረቂያ እንደ ኅትመት ሊቆጠር ስለሚችል የስሙ ቀንና ምንጭ የሚያከራክር ይሆናል። በጉባኤ ፖስተርና በቅድመ ኅትመት ድረ ገጽ ላይም እንዲሁ።

አጉሊ_መነጽር

ስለ ጽሑፉና ስለ ሥዕሉ ልጨርስ፤ ብዙ ሥራ የሚበላሸው እዚህ ነው።

የገለጻው ልብ መለያው አንቀጽ ነው። እንዲህ አይጻፍም፦ «ቅርፊቱ ሰፊ፣ እግሮቹ ረጃጅም፣ እሾሁ ጠንካራ ነው።» ይህ ከ30ዎቹ ለየትኛውም ይሆናል። እንዲህ ይጻፍ (አሃዙ ለምሳሌ ነው)፦ «የመራመጃ እግሮች ዳክቲል ከጎን የተጨመቀ፣ በእኩሌታው ከፍታው የወርዱ 1.3–1.4 እጥፍ፤ የአምስተኛው እግር ሜረስ ርዝመቱ ያለ እሾህ የከፍታው 4.6–5.0 እጥፍ፤ የመቆንጠጫው ካርፐስ ውጫዊ እሾህ የለውም።» ልክ፣ ቦታ፣ አለ ወይም የለም። ቀጥሎ በንጽጽር ክፍሉ እያንዳንዱን ዘመድ በስም አንስታችሁ በእነዚሁ ነጥቦች አስተያዩ። ሶማሊየንሲስንና ክሮስኒየሪን ከጽሑፍ ብቻ ሳይሆን ከታይፑ ፎቶ ጋር አስተያዩ። ሙዚየሞች ስትጠይቋቸው ፎቶ ይልካሉ፤ የምትፈልጉትን አንግል ለይታችሁ ጻፉላቸው፦ ዳክቲሉ ከጫፉ፣ አምስተኛው እግር ከጎን፣ ግንባሩ ከፊት፣ ሁሉም ከማስመሪያ ጋር። «የታይፑን ፎቶ ላኩልን» ብቻ ካላችሁ ከላይ የተነሳ አንድ ምስል ይመጣና ዳክቲሉ አይታይም።

ሥዕሎቹ፦ መላ አካሉ ከላይና ከታች፣ ግንባሩ ከፊት፣ ሁለቱ መቆንጠጫዎች ከውጭ፣ አምስተኛው እግርና የዳክቲሉ ቁርጥ፣ የወንዱ የታጠፈ ሆድ፣ ሦስተኛው ማክሲሊፔድ (የአፍ እግር)፣ አንደኛና ሁለተኛ ጎኖፖድ። ከመነሳቱ በፊት ጭቃው በለስላሳ ብሩሽ አልኮል ውስጥ እያለ ይጸዳ፤ ፀጉሩን እንዳትነቅሉ በበቀለበት አቅጣጫ ጥረጉ። ትንንሾቹ ክፍሎች አልኮል ውስጥ ሰምጠው ይነሱ፤ ከላይ የደረቀ ቅርፊት ያብረቀርቅና ጥራጥሬው ይጠፋል። በተለያየ ርቀት ያተኮሩ ፎቶዎችን መደራረብ ጥሩ ውጤት ይሰጣል፣ ለጎኖፖድ ግን በመስመር የተሣለው አሁንም ይሻላል። የመጠን መስመሩ በሚሜ ከሥዕሉ ጋር አብሮ ይያያዝ፤ «10 እጥፍ» የሚል ጽሑፍ ሥዕሉ ሲቀነስ ሐሰት ይሆናል።

መጽሔቱን በተመለከተ ዙታክሳ ከጸሐፊ የገጽ ክፍያ አይጠይቅም፣ ዙኪስ ክፍት ስለሆነ ያስከፍላል። በኤሌክትሮኒክ ብቻ የሚወጣ ከሆነ በ2012 የተሻሻለው ደንብ ሥራው አስቀድሞ በዙባንክ (የእንስሳት ስሞች ይፋዊ መዝገብ) እንዲመዘገብና የምዝገባው ማስረጃ ጽሑፉ ውስጥ እንዲታተም ያዛል። መመዝገብ ብቻ በቂ አይደለም፤ ቁጥሩ በታተመው ፋይል ላይ ከሌለ ስሙ አልወጣም። ስለዚህ የመጨረሻው ማረሚያ ሲመጣላችሁ መጀመሪያ ያንን ቁጥር ፈልጉ፣ ቀጥሎ የሆሎታይፑን የሙዚየም ቁጥር ከማሰሮው ወረቀት ጋር ፊደል በፊደል አመሳክሩ።

ቀይ_ባሕር

የታይፕ ፎቶ ጥያቄውን ዛሬ ለሙዚየሞቹ እንልካለን። የዳክቲሉን ልኬት ለአምስቱም ሠርተን ሰንጠረዡን እዚሁ እንለጥፋለን።

ጂን_ቆጣሪ

ሰንጠረዡ ላይ ለእያንዳንዱ ናሙና የሥጋውን ቱቦ ቁጥር በራሱ ዓምድ ጨምሩ። የጂን ባንክ ቁጥሩ ሲመጣ ከየትኛው እንስሳ እንደሆነ ከዚያው መስመር ይታያል።